የድርጊትን ትክክለኛነት በውጤቱ የመዘኑት ጆን ስቱዋርት ሚል

እንግሊዛዊው ፈላስፋና የምጣኔ ሀብት ምሁር ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1806 በለንደን ተወለዱ። በአባታቸው በጄምስ ሚል አስተማሪነት በሦስት ዓመታቸው ግሪክኛ፣ በስምንት ዓመታቸው ደግሞ ላቲን መማር ጀመሩ።

የአባታቸው ወዳጅ ጄረሚ ቤንታም (1748-1832) አንድ ሕግ ወይም ድርጊት ትክክል የሚሆነው የብዙኃኑን ደስታ ሲጨምርና ሥቃይን ሲቀንስ እንደሆነ ያስተምሩ ነበር። ሚል ያደጉት የዚህ አስተምህሮ ወራሽ እንዲሆኑ ታስቦ ነው። ይሁን እንጂ በ1826 ብርቱ የመንፈስ ጭንቀት ገጠማቸው። የሚመኟቸው የሕግና የአስተዳደር ማሻሻያዎች ሁሉ ቢፈጸሙ እንኳ ደስተኛ እንደማይሆኑ ተረዱ። ከጭንቀቱ እንዲወጡ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ የዎርድስዎርዝ ግጥም ነበር።

ከዚያ በኋላ የቤንታምን መርህ ሳይተዉ አሻሻሉት። በ1861 በመጽሔት፣ በ1863 ደግሞ በመጽሐፍ ባሳተሙት ዩቲሊታሪያኒዝም በተሰኘው ድርሰታቸው፣ ደስታ በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም እንደሚለያይና የአእምሮ ደስታ ከሥጋዊ ምቾት እንደሚበልጥ አስረዱ። ፍትሕንም ከሌሎች ማኅበራዊ ጥቅሞች ሁሉ አስቀደሙ።

ሚል በሙያቸው የቢሮ ሠራተኛ ነበሩ። በ1823 በ17 ዓመታቸው በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ተቀጥረው፣ ወደ ሕንድ የሚላኩ የአስተዳደር መመሪያዎችን በማርቀቅ 35 ዓመታት አገልግለዋል። የፍልስፍናቸው ትልቅ ፈተና የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ የሕዝብ ውክልናን አጥብቀው የደገፉት ሚል፣ ሕንዶች ራሳቸውን ለማስተዳደር ገና አልደረሱም በማለት ለባዕድ አገዛዝ ተከራክረዋል። ጥቅሙን የሚለካው ገዢው ብቻ ሲሆን፣ የተገዢው ጉዳት ከስሌቱ ይወጣል።

በ1865 የፓርላማ አባል ከሆኑ በኋላ ግን ድምፅ ለሌላቸው ቆመዋል። በዚያው ዓመት በጃማይካ የተነሳውን ዓመፅ ከ400 በላይ ሰዎችን በማስገደል ያፈኑት አገረ ገዢ ለፍርድ እንዲቀርቡ የሚጠይቀውን ኮሚቴ መሩ፤ ጥረቱ ግን አልተሳካም። በ1867 ሴቶች እንዲመርጡ ያቀረቡት የማሻሻያ ሐሳብም በ196 ተቃውሞና በ73 ድጋፍ ወደቀ። የብሪታንያ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመምረጥ መብት ያገኙት በ1928 ነው።

ሚል በ1868 የፓርላማ መቀመጫቸውን አጡ። ሜይ 7 ቀን 1873 በፈረንሳይ አቪኞን ከተማ አርፈው ከባለቤታቸው ከሃሪየት ቴይለር ጎን ተቀበሩ። ውሳኔን በውጤቱ የመመዘን መርሃቸው ዛሬም በሕግና በፖሊሲ ዝግጅት ይሠራበታል፤ ውጤቱ የሚደርስበትን ወገን አስቀድሞ የመስማት አስፈላጊነት ደግሞ ከሕይወታቸው የሚቀሰም ትምህርት ነው።