መድፉን ሁሉም ያውቃል፤ የአፄ ቴዎድሮስን የወታደር ደሞዝስ?

ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሲወራ መጀመሪያ የሚመጣው ሴባስቶፖል ነው፤ ከዛ ሽጉጡ። ቲሸርት ላይ የምናየው ሹሩባም አለ። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ስለሚታለፍ ነገር ነው የማወራችሁ፦ ስለ ወታደር ደሞዝ። ምክንያቱም እንግሊዝ መቅደላ ሲደርስ የንጉሡ ሠራዊት አብዛኛው ቀድሞ ተበትኖ ነበር። ለምን ተበተነ ብላችሁ ስትቆፍሩ ከምክንያቶቹ አንዱና ትልቁ ቀለብ ሆኖ ይገኛል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የዛን ዘመን ወታደር ኑሮ እንይ። በየወሩ የሚቆጠር ደሞዝ የለም። ትልልቆቹ መኳንንት ጉልት ይሰጣቸዋል፤ ማለትም የአንድ አካባቢ ገበሬ የሚያወጣውን ግብር የመብላት መብት። ተራው ጭፍራ ደግሞ ገበሬ ቤት ይመራል። ገበሬው ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ለበቅሎው ሳር ያጭዳል። ሚስት፣ አሽከርና አህያ ነጂ አስከትሎ ከመጣም ሁሉም እዛው ነው የሚበላው። መቼ እንደሚሄድ ገበሬው አያውቅም። ዘመቻ ሲወጣ ደግሞ ያገኘውን ይዘርፋል። ስለዚህ የወታደሩ ደሞዝ ስንት ነበር ካላችሁ፣ መልሱ ገበሬው ጎተራ ውስጥ ያለው ያህል ነው። ደሞዝ የሚለውን ቃል ደም እና ወዝ ብለው የሚፈቱት አሉ። በዘመነ መሳፍንት ደሙ የወታደሩ፣ ወዙ ግን የገበሬው ነበር ማለት ይቻላል።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ገደማ ቋራ የተወለደው እንዲህ ያለ አገር ውስጥ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተ። እናቱ ችግር ላይ ስለወደቀች ጠላቶቹ እድሜ ልኩን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ሰደቡት። ገዳም ገብቶ ተማረ፤ ገዳሙ በጦር ሲወድም ከተረፉት አንዱ እሱ ነበር። ከዛ ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ቤት ገብቶ ወታደርነት ተማረ። ክንፉ ሲሞቱ ድርሻ አጣና ቆላ ወርዶ ሸፈተ።

ሽፍትነቱ ላይ የሚነገር አንድ ነገር አለ። ከነጋዴ የዘረፈውን ገንዘብ ለቋራ ገበሬዎች ማረሻ መግዣ አከፋፈለ ይባላል። ተከታዮቹንም መሬት አስመንጥሮ አሳርሷል። ሽፍታ ሆኖ ወታደሩን የሚያሳርስ ሰው! ወታደር ከገበሬ ጉሮሮ ነጥቆ መኖር የለበትም የሚለው ሐሳብ ከዙፋኑ በፊት እንደነበረ የሚያሳይ ይመስለኛል።

ራስ አሊና እናታቸው እቴጌ መነን በጦር አልቻሉትም። በዝምድና ሊይዙት የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። በ1840 ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። ምሽግ ይዞ፣ መድፍ ጠምዶ፣ በትእዛዝ የሚተኩስ ጦር ነበር፤ የካሳን ሰዎች አጨዳቸው። ስለ መድፍ ያለው ፍቅር ከዛ ቀን ጀመረ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ከሽንፈቱ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ይበልጥብኛል። ካሳ ቆስሎ ነበር፤ ጥይቱን የሚያወጣለት ባለመድኃኒት ደግሞ ዋጋው አንድ የሰባ ላምና አንድ ጉንቦ ጠጅ ነው አለው። ካሳ ስለሌለው ወደ እቴጌ መነን ላከ። እሳቸው አንድ ብልት ሥጋ ብቻ ላኩለት፤ ለእንደሱ ዓይነቱ ይሄ ይበቃዋል የሚል መልእክትም ጨመሩ ይባላል። ተዋበች ይህን ስድብ እንዳልዋጠች፣ ባሏንም እንዲነሳ እንደገፋፋችው ይተረካል። በዛሬ ቋንቋ ብናወራው፣ ድንበር ላይ የቆሰለ ወታደር የሕክምና አበል ተከልክሎ ነው ነገሩ የተበላሸው።

ከዛ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በ1845 ዓመት ውስጥ ብቻ ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ አይሻል ላይ ራስ አሊን አሸነፈ። በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ማረከ፤ እዛው ደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ተጫነና አፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ከዚህ በኋላ እሳቸው እላለሁ።

ንጉሡ ሥራ የጀመሩት ከወታደሩ ነው። ነጋሪት አስጎስመው ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ አዋጅ ነገሩ። ወታደሩም ከገበሬ መንጠቁን ትቶ በሚከፈለው ገንዘብ ገዝቶ እንዲበላ አዘዙ። በዛው ዓመት የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ይህን ለለንደን ጽፎ አሳውቋል። ከየአገሩ የመጣውን ጭፍራ አቀላቀሉት፤ በአገር ልጅነት ተሰብስቦ ለየጌታው ብቻ የሚታዘዝ ጦር እንዳይሆን። በላዩም አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ ሾሙ። እነዚህን ስሞች ዛሬም መከላከያ ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ፤ ትከሻ ላይ ያለው ማዕረግ ነው ደሞዝን የሚለየው። አለቃ በቁጥር ከታወቀ በሥሩ ያለውም ሰው ይታወቃል፣ ለስንት ሰው እንደሚከፈልም ይታወቃል። ሐሳቡ እኮ ንጹሕ ነው!

ችግሩ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ነው።

ክፍያውን የሚወስኑት ራሳቸው ንጉሡ ናቸው። የገንዘብ ሚኒስቴር የለም፣ የደሞዝ ስኬል የለም፣ ዘንድሮ ኑሮ ተወዷልና ይጨመር ብሎ የሚያጠና ኮሚቴ የለም። ሲኖር ይሰጣል፣ ሳይኖር ይቀራል። አገሩ የራሱን ገንዘብ አይመታም፤ የሚዘዋወረው በውጭ የተመታው የማርያ ቴሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነው። ብሩ የሚገባበት ትልቁ በር ምጽዋ ደግሞ በቱርክ እጅ ነው። ግብሩ አብዛኛው እህል፣ ማር፣ ከብት ነው። ይህን በቅሎ ላይ ጭናችሁ ለተራራቀ ጦር አድርሱት እስቲ።

ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተር ክፈቱ። የንጉሡ ሠራዊት በኃይላቸው ዘመን ከ60 ሺህ በላይ እንደነበር ይገመታል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ለአንድ ወታደር በወር አንድ ብር ይከፈል ብንል (ትክክለኛው ክፍያ ይሄ ነበር እያልኩ አይደለም) በዓመት 720 ሺህ የማርያ ቴሬዛ ብር ያስፈልጋል። በየዓመቱ ቋሚ ሆኖ መግባት አለበት። ከዘመቻ ምርኮ የሚገኝ ገንዘብ ደግሞ አንዴ ነው፤ ሲያልቅ ሌላ ዘመቻ ይጠይቃል።

ቋሚ ገቢ የሚያመጣው መሬት ነው፤ ብዙው መሬት ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነበር። ግብር አይከፍልም። በ1848 ንጉሡ ካህናቱን ሰብስበው ጥያቄውን አነሱ፤ አልተግባቡም። ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ግን ጥያቄውን ትተው ወሰዱት። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል ተባለ፤ ለነሱ የሚሆን መሬት ተትቶ የቀረው ግብር ለሚከፍል ገበሬ ተሰጠ።

ብዙ ጽሑፍ ላይ ይሄ ውሳኔ የእብሪት ወይም የጸረ ሃይማኖት ነገር ተደርጎ ይቀርባል። እኔ እንደዛ አላየውም። ሰውየው አጥባቂ ክርስቲያን ነበሩ፤ መዝሙረ ዳዊት ከእጃቸው አይለይም ነበር። በጀት ያጣ መንግሥት የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ግን ደግሞ አፈጻጸሙን ማየት ያስፈልጋል። አዲሱ ግብር ተሰብስቦ ካዝና ሳይገባ ካህኑ ተነሳባቸው። ካህን ማለት በዛ ጊዜ ሬዲዮውም ቴሌግራሙም ነው፤ በየደብሩ ሰው ልብ ውስጥ የንጉሡን ስም ማጥፋት ይችላል። ከአቡነ ሰላማ ጋር የነበረው ጠብ እየከረረ ሄዶ ጳጳሱ በ1856 መቅደላ ታሰሩ፤ እዛው እስር ላይ እንዳሉ በ1860 መጀመሪያ አረፉ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መዞር ጀመረ። አንድ አገር ሲሸፍት ግብሩ ይቆማል። ግብር ሲቆም ወታደሩ አይከፈለውም። ያልተከፈለው ወታደር ወይ ይኮበልላል ወይ ይዘርፋል። የተዘረፈው ገበሬ ደግሞ ይሸፍታል። ምኒልክ በ1857 ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ ላስታ ሄደ፣ ትግራይ ሄደ። የቀራቸው በጌምድርና አካባቢው ነበር፤ ሠራዊቱን ሁሉ የመቀለቡ ሸክም እሱ ላይ ወደቀ። በ1859 ጎንደር በንጉሡ ትእዛዝ ተዘርፋ ተቃጠለች። የቤተ ክርስቲያኖቿ ንብረት ሳይቀር ወደ ደብረ ታቦር ተጋዘ። ያ ገበሬን አትንኩ ብሎ አዋጅ ያስነገረ ሰው፣ ለገበሬ ማረሻ የገዛ ሽፍታ፣ አሁን ራሱ ዘራፊ ሆነ። ይቺን ክፍል ስጽፍ ጣቴ ከብዶኛል፤ ግን የሆነው ይሄ ነው። በነዚህ ዓመታት ሠራዊቱ ወደ 10 ሺህ ወርዶ ነበር።

ሆዱ የተነካ ጦር ምን እንደሚያደርግ ከመቶ ዓመት በኋላም አይተናል። በጥር 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ያመፁት ወታደሮች ጥያቄ ምግብና ውሃ ነበር። መንግሥት ደሞዝ ጨምሮ ሊያበርደው ሞከረ፤ አልበረደም፣ የሆነውን ታውቃላችሁ።

አሁን የእንግሊዝን ጦር ተመልከቱ፤ ንጽጽሩ እዚህ ጋር ነው የሚያመው። ጄኔራል ናፒየር ወደ 13 ሺህ ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ መጣ። የእንግሊዙ ተራ ወታደር የቀን ሒሳቡ አንድ ሽልንግ ገደማ ነው፤ ከዛ ላይ ደግሞ ይቆረጥበታል። ሀብታም አይደለም። ግን ስንት እንደሆነ ተጽፏል፣ የሠራዊቱን ወጪም በየዓመቱ ፓርላማ ያጸድቀዋል። ለዚህ ዘመቻ ፓርላማው የገቢ ግብር ጨመረ። በመጨረሻ ወጪው ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ።

ናፒየር የመጣው ብር ጭኖ ነው። አገሬው የሚቀበለው የማርያ ቴሬዛን ብር፣ ያውም በፈረንጅ 1780 የሚል የተጻፈበትን መሆኑን ስለሚያውቁ ከቪየና አስመጡት። ከዙላ እስከ መቅደላ ባለው መንገድ እህልና ሳር ከገበሬ በጥሬ ገንዘብ ገዙ። ገበሬው ሸጠላቸው፤ በዚህ ከሃዲ ነው የሚሉ አሉ። አስቡት እስቲ፣ የራሱ ንጉሥ ወታደር ሲመጣ ጎተራውን የሚያጣ ሰው ነው፤ ባዕዱ ደግሞ ቆጥሮ ይከፍላል። ንጉሡ በ1847 ያወጁት አዋጅ ሲፈጸም ያየው በጠላታቸው ጦር ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ ስቅለት ዕለት፣ የቀሩት ጥቂት ሺህ ታማኞች ከመቅደላ ወደ እሮጌ ወርደው ገጠሙ። ፊታውራሪ ገብርዬ እዛ ወደቁ፤ ወደ 700 ሰው አለቀ። እነዚህ ሰዎች ደሞዝ ፈልገው አልነበረም የቀሩት፤ የሚከፈል ነገር ካለቀ ቆይቷል። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

ከዛ በኋላ በሥርዓት የሚከፈለው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ዘረፈ። አክሊል፣ ጽዋ፣ ታቦት፣ በመቶ የሚቆጠር የብራና መጽሐፍ። ግን እነሱ ለዝርፊያም ደንብ ነበራቸው፤ ዕቃው ተሰበሰበና በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጋ በቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ ወረደ። እዛ ሁለት ቀን ሙሉ ጨረታ ተደረገ። የብሪቲሽ ሙዚየም የላከው ሰው በርካታውን ገዛ። ከጨረታው የተገኘው ገንዘብ ተቆጥሮ ለወታደሮቹ ከደሞዛቸው በላይ ተከፋፈለ። ታቦቶቹ ዛሬም ለንደን፣ ሙዚየሙ ውስጥ ናቸው።