ከአኩሪ አተር የወጣው ሆርሞን፦ የዶክተር ፐርሲ ጁሊያን ሕይወት



አርባን ያለፍን የማኅበራችን አባላት ስንገናኝ ወሬያችን አንድ እየሆነ መጥቷል። የወር አበባ አንዴ ይቀራል፣ አንዴ እንደ ጎርፍ ይመጣል፤ ሌሊት ላብ ያጠምቀናል፤ እንቅልፍ በዓይናችን አይዞርም፤ ትናንት ያላስቆጣን ነገር ዛሬ ያስቆጣናል። ይህ ፔሪሜኖፖዝ ይባላል። የወር አበባ ጨርሶ ከመቋረጡ በፊት ያለው፣ ብዙ ጊዜ በአርባዎቹ ዕድሜ የሚጀምርና ለጥቂት ዓመታት የሚቆይ የሽግግር ጊዜ ነው። ከዚሁ ጋር ባዮአይደንቲካል ሆርሞን የሚል ቃል ደጋግመን እንሰማለን። ከተክል የተገኘ ስለሆነ ጉዳት የለውም እየተባለ በቅባት መልክም ይሸጥልናል። በዚህ እትም የአንድ ኬሚስትን ሕይወት የምንተርከው ለዚህ ነው፤ ሆርሞን ከተክል እንዴት እንደሚወጣ የእሳቸው ታሪክ በደንብ ያስረዳልና።

ፐርሲ ላቮን ጁሊያን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1899 በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አያታቸው በባርነት የኖሩ ሰው ነበሩ። አባታቸው በባቡር ላይ ፖስታ የሚያከፋፍሉ ሠራተኛ፣ እናታቸው አስተማሪ ነበሩ። እነዚህ ወላጆች ስድስት ልጆቻቸውን በሙሉ ለኮሌጅ አበቁ። ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ በከተማዋ ለጥቁር ልጆች የሚሰጠው የሕዝብ ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አይዘልም ነበርና።

ጁሊያን በ1916 በኢንዲያና ግዛት ወደሚገኘው ዴፖው ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ከነጭ ተማሪዎች ጋር በአንድ ማደሪያ መኖር አልተፈቀደላቸውም። በአንድ የተማሪዎች ቤት የማሞቂያውን ምድጃ እያነደዱና ምግብ እያቀረቡ ከጣሪያ ሥር ባለች ክፍል አደሩ። ያመለጣቸውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከኮሌጁ ትምህርት ጋር ጎን ለጎን ተማሩ። በ1920 ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ተመረቁ።

ከዚያ በኋላ ግን በር ሁሉ የሚከፈት አልሆነም። በ1923 ከሃርቫርድ የማስተርስ ዲግሪ ቢያገኙም፣ ነጭ ተማሪዎች በጥቁር መምህር መማርን አይቀበሉም በሚል ስጋት በረዳት መምህርነት የመሥራት ዕድል ተነፈጋቸው። ዶክትሬታቸውን ያገኙት ባሕር ተሻግረው ነው፤ በ1931 ከኦስትሪያው ቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ። ወደ ዴፖው ተመልሰው ጆሴፍ ፒክል ከተባሉ የቪየና ባልደረባቸው ጋር በ1935 ፊሶስቲግሚን የተባለውን የግላኮማ መድኃኒት በቤተ ሙከራ ሠሩ። ይህ መድኃኒት ቀድሞ የሚገኘው ከምዕራብ አፍሪካው የካላባር ባቄላ ብቻ ነበር። ሥራው ስማቸውን በዓለም ቢያስጠራም ዩኒቨርሲቲው የፕሮፌሰርነት ቦታ አልሰጣቸውም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አና ሮዜል ጆንሰንን አገቡ። እኚህ ሴት የሰው ሚስት ተብለው ብቻ የሚታለፉ አይደሉም፤ በ1937 በሶሲዮሎጂ ዶክትሬት በማግኘት ከአሜሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነዋል።

ጁሊያን በ1936 ግሊደን የተባለ ኩባንያ በቺካጎ ያለውን የአኩሪ አተር ምርምር ክፍሉን እንዲመሩ ቀጠራቸው። ወደ ሴቶች ጤና የገቡት በዚህ በኩል ነው።

የዚያን ጊዜውን ችግር እናስረዳ። ሰውነታችን እንቁላል በለቀቀ ቁጥር ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ይህ ሆርሞን የማሕፀንን ግድግዳ ያረጋጋል፣ እርግዝናንም ይጠብቃል። ሳይንቲስቶች በ1934 ነጥረው ሲያወጡት ከ50,000 ያህል እንስት አሳማዎች የእንቁላል እጢ ያገኙት 20 ሚሊ ግራም ብቻ ነበር። ዛሬ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ እንክብል ብዙ ጊዜ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። በዚያ መንገድ ለአንዲት እንክብል ሩብ ሚሊዮን አሳማ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት ለሀብታምም ቢሆን አይደርስም።

ስቲግማስቴሮል ከተባለ የተክል ንጥረ ነገር ተነሥቶ ፕሮጄስትሮን መሥራት እንደሚቻል የጀርመን ኬሚስቶች አሳይተው ነበር። ያልተፈታው ጥያቄ ስቲግማስቴሮሉን በብዛት ከየት ማግኘት ይቻላል የሚለው ነበር። አንድ ቀን በፋብሪካው አንድ ትልቅ የአኩሪ አተር ዘይት ታንከር ውስጥ ውኃ ሰርጎ ገባ። ዘይቱ ተበላሸ፤ ከሥሩም ነጭ ነገር ረጋ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደፋው ነበር። ጁሊያን ግን ቀደም ሲል በካላባር ባቄላ ዘይት ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አይተው ስለነበር ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ከዚያ በኋላ ንጥረ ነገሩን ከዘይቱ በብዛት የሚለዩበትንና ወደ ፕሮጄስትሮን የሚለውጡበትን መንገድ ዘረጉ። በ1940 የወጣው የመጀመሪያው ምርት አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነበር። ዋጋው 63,500 ዶላር ስለሆነ በታጠቁ ጠባቂዎች ተጭኖ ሄደ። ሐኪሞች በዚያን ጊዜ ፕሮጄስትሮንን በተለይ ፅንስ ለሚያስወርዳቸው ሴቶች ይሰጡት ነበር።

ይህን ያህል የሠሩ ሰው በቤታቸው ሰላም አላገኙም። በ1950 በቺካጎ አጠገብ ባለችው ኦክ ፓርክ፣ ጥቁር ቤተሰቦች ብዙም ባልኖሩባት ሰፈር ቤት ገዙ። ገና ሳይገቡበት በዚያው ዓመት በምስጋና ቀን ቤቱን ሊያቃጥሉት ሞከሩ። በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ላይ ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል አጠገብ ዲናማይት ተወረወረ። ቤተሰቡ ግን አልለቀቀም። ከጎረቤቶቹም ብዙዎች ከጎኑ ቆሙ።

ጁሊያን በኋላ የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው የሜክሲኮ የዱር ያም ከተባለ ሥር ሆርሞን መሥራት ጀመሩ። ይህ ተክል በደቡብ ኢትዮጵያ ቦዬ የምንለው ሥር የቅርብ ዘመድ ነው። ኩባንያውን በ1961 በ2.3 ሚሊዮን ዶላር ሸጡት። በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ፤ ከጥቁር ኬሚስቶች የመጀመሪያው ነበሩ። ኤፕሪል 19 ቀን 1975 በጉበት ካንሰር አረፉ። በ1993 ምስላቸው በአሜሪካ የፖስታ ቴምብር ላይ ታትሟል።

ከዚህ ሕይወት ለእኛ የሚተርፈን ትምህርት ግልጽ ነው። ባቄላው ወይም ሥሩ በራሱ ሆርሞን አይደለም። ጁሊያንና ባልደረቦቻቸው በቤተ ሙከራ ደረጃ በደረጃ ባይለውጡት ኖሮ ዘይት ሆኖ ይቀር ነበር። ሰውነታችን ይህን ለውጥ በራሱ መሥራት አይችልም። ስለዚህ የዱር ያም ቅባት ብንቀባ፣ ያምም ብንበላ ፕሮጄስትሮን አናገኝም። ባዮአይደንቲካል ማለት ከሰውነታችን ሆርሞን ጋር በቅርጹ አንድ የሆነ ማለት ነው እንጂ ያልተነካ ተክል ማለት አይደለም። ጉዳት የለውም ማለትም አይደለም።

በፔሪሜኖፖዝ ጊዜ እንቁላል ሳይለቀቅ የሚያልፍባቸው ወራት ይበዛሉ፤ በእነዚያ ወራት ፕሮጄስትሮን ይጎድላል፤ ኤስትሮጅን ደግሞ ከፍ ዝቅ ይላል። የሆርሞን መጠን ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ የአንድ ቀን ምርመራ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሐኪም ይበልጥ የሚያየው ዕድሜያችንንና ምልክቶቻችንን ነው። ስለዚህ የወር አበባችንን፣ እንቅልፋችንንና የሙቀቱን አመጣጥ ለጥቂት ወራት መዝግበን ብንሄድ ትልቅ እገዛ ነው።

ሕክምናው ካስፈለገ በመንግሥት ተመርምሮ የተፈቀደ ባዮአይደንቲካል ሆርሞን አለ። ኤስትራዲዮል በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ወይም በጄል መልክ ይሰጣል። የፕሮጄስትሮን እንክብል ደግሞ በአሜሪካ በ1998 ተፈቅዷል። እንክብሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚያሰኝ ማታ ይወሰዳል። አንዳንዱ በኦቾሎኒ ዘይት የተሠራ ስለሆነ ኦቾሎኒ የማይስማማት እኅት አስቀድማ ትናገር። አንዳንድ መድኃኒት ቤቶች ለየሰው ቀላቅለው የሚሸጡት ግን መጠኑም ንጽሕናው በዚያ ደረጃ አይፈተሽም።

ማሕፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻውን መውሰድ የለባትም፤ ፕሮጄስትሮን ወይም መሰሉ ካልታከለበት የማሕፀን ግድግዳ እየወፈረ ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት በሽታ የነበረባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የደም መፍሰስ ያለባትም ለሐኪሟ ሳትነግር አትጀምር። የወር አበባ ዓመት ሙሉ ከቀረ በኋላ ደም ከታየ ሳይውል ሳያድር መታየት ያስፈልጋል። በሽግግሩ ጊዜ እርግዝና አሁንም እንደሚቻል አንርሳ።

እኅቶች፣ በዝምታ መሰቃየትም፣ በማናውቀው ቅባት ገንዘባችንን መጨረስም ግዴታችን አይደለም። የሚሰጠን ነገር ምን ሆርሞን እንደሆነ፣ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነና ማን እንደፈተሸው እንጠይቅ። ብቻዋን ሐኪም ዘንድ መሄድ የከበዳት ወይም ቋንቋ የሚያስቸግራት አባል ካለች ለማኅበሩ ትንገረን፤ አብረናት እንሄዳለን።