ዲግሪው የአንድ ሰው፣ ድካሙ የሁለት

ሄለን ኬለር ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የውኃው ታሪክ ነው። አስተማሪዋ አን ሱሊቫን የልጅቷን አንድ እጅ ውኃ ሥር ይዛ፣ ሌላኛው መዳፏ ላይ የውኃን ስም ፊደል በፊደል በጣቷ ስትነግራት፣ የ6 ዓመቷ ሄለን ነገር ሁሉ ስም እንዳለው ገባት። ቆንጆ ታሪክ ነው፣ ግን እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ብዙም የማይወራው የኮሌጅ ዘመኗ ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1880 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ነው። በ19 ወሯ የያዛት ሕመም ዓይኗንም ጆሮዋንም ወሰደው። ሱሊቫን ቤታቸው የመጣችው በ1887 ነው፤ ያኔ ገና የ20 ዓመት ወጣት ነበረች፣ የራሷም ዓይን ጤነኛ አልነበረም።

ኬለር መማር የፈለገችው ራድክሊፍ ነው። ሃርቫርድ ሴት ስለማይቀበል፣ መምህራኑ ሴቶችን የሚያስተምሩበት ኮሌጅ ነበር። መግቢያ ፈተናው ላይ የሆነውን ስሙኝማ። በ1899 ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የአልጀብራው ጥያቄ የሚጻፍበት ብሬል እሷ የተማረችበት እንዳልሆነ አወቀች። በዚያ ዘመን ብሬል አንድ ዓይነት አልነበረም። የእሷ የአልጀብራ ምልክቶች የእንግሊዙ፣ የፈተናው ደግሞ የአሜሪካው! ደብዳቤ ጽፋ የምልክቶቹን ዝርዝር አስላከችና ማጥናት ጀመረች። በዋዜማው ሌሊት እንኳ ቅንፉን ከሥር ምልክቱ መለየት አቅቷት ስትታገል ነበር። ሒሳቡ አይደለም እኮ የከበዳት። ለማንኛውም አለፈች።

በ1900 ክፍል ገባች። መምህሩ ሲያስተምር ሱሊቫን አጠገቧ ተቀምጣ ሌክቸሩን በመዳፏ ላይ ትነግራታለች። እጇ ጆሮዋ ስለሆነ ኖት መያዝ አትችልም፤ ቤት ገብታ ያስታወሰችውን ትጽፋለች። ለኮርሱ ከሚያስፈልጉት መጻሕፍት በብሬል የሚገኙት ጥቂት ነበሩ። የቀረውን ሱሊቫን በዚያ በታመመ ዓይኗ እያነበበች፣ ቃል በቃል፣ ሰዓታት ሙሉ እጇ ላይ ትጽፍላታለች። ክፍያውን ደግሞ የስታንዳርድ ኦይሉ ባለሀብት ሄንሪ ሮጀርስ ሸፈነላት፤ የለመነላት ደራሲው ማርክ ትዌይን ነው።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እዚህ ጋ ስደርስ ሒሳቡን ማን ከፈለው እላለሁ። ኮሌጁ በሩን ከፈተ፣ ትምህርቱ ግን እንደነበረው ነው። ትምህርቱን ለእሷ እንዲሆን የማድረጉ ወጪ የአንዲት ሴት ዓይንና የአንድ ሀብታም ኪስ ላይ ወደቀ። ማርክ ትዌይንን የማያውቅ ዓይነ ስውርስ? ነገሩ የሩቅ እንዳይመስላችሁ፤ እኛ ጋም ሃንድአውቱ በፎቶ ስካን ተደርጎ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ ተራ ስክሪን ሪደር ፎቶ አያነብም፣ ከዚያ የሚያነብ ጓደኛ ፍለጋ ነው።

ኬለር በ1904 በማዕረግ ተመረቀች። ማየትም መስማትም ከማይችሉ ሰዎች የመጀመሪያ ዲግሪ በመያዝ የመጀመሪያዋ ናት። ገና ተማሪ ሳለች የሕይወት ታሪኳን ጽፋ በ1903 አሳትማለች። አራቱን ዓመት እያንዳንዱ ክፍል ውስጥ አብራት የተቀመጠችው ሱሊቫን ግን ከኮሌጁ ያገኘችው ዲግሪ የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜዋ ረጅም ነው፣ ሁሉንም አልዘረዝረውም። በ1909 የሶሻሊስት ፓርቲ አባል ሆነች፤ ዓይነ ስውርነት ከድህነትና ከፋብሪካ አደጋ ጋር ያለውን ዝምድና ስትናገር ያመሰግኗት የነበሩ ጋዜጦች ተቀየሩባት። ከ1924 ጀምሮ ለአሜሪካ የዓይነ ስውራን ፋውንዴሽን እየዞረች ገንዘብ አሰባሰበች። ፈተና ላይ ያስጨነቃት የብሬል መለያየትም በ1932 አሜሪካና እንግሊዝ በአንድ የጋራ ብሬል ሲስማሙ ረገበ። ሃርቫርድ በ1955 የክብር ዲግሪ ሰጣት፤ ለሴት ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። በ1968 አረፈች። ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት፣ ኮሌጆችም ጭምር፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ሰው እንዳያገሉ የሚከለክለው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1973 ነው። በአምስት ዓመት አመለጣት።

ሱሊቫንስ? በ1931 ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ለሁለቱም የክብር ዲግሪ ሊሰጥ ሲል፣ ለእኔ አይገባም ብላ እምቢ አለች። እሺ ያለችው በዓመቱ ነው። ያኔ ዓይኗ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር።