ማዳም ላሻፔልና የአርባ ሺው ልደት ትምህርት

ማሪ ሉዊዝ ላሻፔል በፈረንጆች አቈጣጠር በ1769 ዓ.ም. በፓሪስ ተወለዱ። እናታቸው የኦቴል ዲዩ ሆስፒታል ዋና አዋላጅ ስለ ነበሩ፣ ሙያውን ገና በልጅነታቸው ከእናታቸው እጅ ተቀበሉ፤ እናታቸውም ባረፉ ጊዜ ሥራውን ተረከቡ። በ1802 የአዋላጆች ትምህርት ቤት በፖር ሮያል ሲቋቋም ከሐኪሙ ከቦዴሎክ ጋር ሆነው ብዙ ሴቶችን አስተማሩ።

በዚያ ዘመን ምጥ ሲዘገይ ሕፃኑን በብረት መቈንጠጫ ለመሳብ የሚቸኵሉ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ። ማዳም ላሻፔል ግን ዐርባ ሺ ያህል ልደት አይተውና መዝግበው ከቈጠሩ በኋላ የደረሱበት ፍሬ ነገር ሌላ ነው፤ አብዛኛው ልደት በትዕግሥትና በጥንቃቄ ቢጠበቅ በራሱ ይፈጸማል፤ መሣሪያ የሚያሻው ጥቂቱ ብቻ ነው። ይህን የሚያስረዳው መጽሐፋቸው በ1821 መታተም ጀመረ፤ እሳቸው ግን በዚያው ዓመት ዐረፉ። የቀረውን ክፍል ዘመዳቸው ሐኪሙ ዱዤ እስከ 1825 አሳትሞ ፈጸመላቸው።

እኛ ተማሪዎች መፍጠንን እንደ ዕውቀት መቍጠር ይቀናናል። ከኚህ ሴት ሕይወት የምንማረው ግን ከመፍረድና ከመንካት በፊት ማየትና መቍጠር እንደሚገባ ነው፤ በምጥ ክፍል የችኰላ ዋጋው የእናትና የልጅ ነፍስ ነውና።