በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፤ አራዊትን ያናገሩ ሰው

ከአዳማ ተነሥቶ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው፥ ቆላውን ጨርሶ የጨርጨርን ደጋ ሲወጣ አንዲት ከተማ ያገኛል። ይህች ከተማ ዛሬ ጭሮ ትባላለች፤ ቀድሞ ግን አሰበ ተፈሪ ትባል ነበር። ከመካከላችን ብዙዎቻችን በዚያ መንገድ አልፈናል፤ ነገር ግን ያችን ከተማ የቈረቈሩት ሰው የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ቴአትር የደረሱት እሳቸው መሆናቸውን አናውቅም ነበር። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ፥ የእኒህን ሰው ታሪክ መረጥን።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ወርደው በራስ መኮንን አደባባይ አደጉ፤ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘመቻ በሆነ ጊዜም ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳይሞላቸው ከሠራዊቱ ጋራ ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው፥ በሴንት ፒተርስበርግ የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። እኛ በዚያ ዕድሜ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል ለማለፍ ስንጨነቅ፥ እሳቸው ቋንቋው ባዕድ፥ ብርዱ ብርቱ በሆነ አገር ብቻቸውን ነበሩ። በአውሮፓም መድፍ ብቻ ሳይሆን መጻሕፍትንና ቴአትርን ተምረው መጡ።

ያ ዘመን በአውሮፓ የሲኒማ ጥበብ የተስፋፋበት ዘመን ነበር። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1913 ቶማስ ቤንትሊ የተባለው ሰው የቻርልስ ዲከንስን ዴቪድ ኮፐርፊልድ የተባለ ልብ ወለድ በፊልም አሳየ። ፊልሙ ግን ድምፅ አልነበረውም፤ ሕዝቡ መጽሐፉን አስቀድሞ ያውቅ ስለ ነበረ ታሪኩን በዓይኑ ብቻ ይከተል ነበር። በእኛም አገር ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው ጥላ ሕዝቡን ስላስደነገጠው ቤቱን ሰይጣን ቤት ብሎ ሰየመው። በዘመናዊ መድረክ ላይ በአማርኛ የሚናገር ቴአትር ግን ገና አልነበረም።

ተክለ ሐዋርያት ይህን ጉድለት ተመለከቱ። በመድረክ ላይ ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ቀርቦ ቴአትር መባሉ አላረካቸውም። በ1913 ዓ.ም. ግድም ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ድርሰት ጻፉ። መሠረቱንም ላፎንቴን የተባለው ፈረንሳዊ ባለቅኔ በ17ኛው መቶ ዘመን ከጻፋቸው፥ በአውሮፓ ሕፃን ሽማግሌው ከሚያውቃቸው የእንስሳት ተረቶች ወሰዱ። ተዋንያኑ አራዊት መስለው ሲናገሩ፥ ነገሩ ስለ ጫካ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ስለ ጉቦ፥ ስለ ዳኝነት መጓደልና ስለ ሹማምንት ስንፍና ነበር።

እዚህ ላይ በመጽሐፍ ቅዱስ የምናነበው የነቢዩ ናታን ታሪክ ትዝ ይለናል። ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ ስለ አንድ ድኻ ሰውና ስለ አንዲት በጉ ነገረው፤ ዳዊትም ፍርዱ በራሱ ላይ መሆኑን ባወቀ ጊዜ ተጸጸተ። በአዲስ አበባ ግን እንዲህ አልሆነም። መኳንንቱ ምሥጢሩን ተረዱት፤ ቴአትሩም በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ታገደ። ንግሥቲቱ እስካረፉበት እስከ 1922 ዓ.ም. ድረስ የቴአትር ነገር ተዳፍኖ ቆየ። አራዊቱ መናገር ጀምረው፥ እንደ ዘመኑ ፊልም ድዳ ሆኑ ማለት ነው።

ተክለ ሐዋርያት ግን አኵርፈው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በመድረክ የተከለከሉትን በሥራ ለማሳየት ተነሡ። የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ቈረቈሩ፤ አውራጃውንም ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን አድርገው ለማስተዳደር ደከሙ። ቀጥሎም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን፥ የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፤ ለዚህም የጃፓንን ሕገ መንግሥት አብነት አድርገዋል።

ኢጣልያ ልትወረን በተዘጋጀች ጊዜ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተከራከሩ። ይህም በእኛ አስተያየት የተኵላና የበግ ተረት በእውነት የተፈጸመበት ነበር፤ በጓ እውነት ነበራት፥ ኃይል ግን አልነበራትም። በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ በከፋ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር እንዳይወጡ ከተቃወሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ከዚያም በኋላ ረጅም ዘመን በማዳጋስካር በስደት ኖሩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሹመት ሳይሆን እርሻ መረጡ፤ በጨርጨር በሂርና መሬት ሲያለሙ ኖረው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ብዙ ተማሪ ያነበበውን አርአያ የተባለ ልብ ወለድ ጽፈዋል፤ የአባታቸውን ፈለግ ተከትለውም ቴዎድሮስ የተባለ ቴአትር ደርሰዋል።

ይህን ታሪክ ስናጠና አንድ ነገር አከራከረን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ፥ ቴአትሩ ስለ ታገደ ተክለ ሐዋርያት ተሸንፈዋል አሉ። ሌሎቻችን ግን ከዕገዳው በኋላ የሆነውን ተመለከትን። ቴአትር በተመለሰ ጊዜ እንደ ዮፍታሔ ንጉሤና እንደ መላኩ በጎሰው ያሉ ደራስያን ድርሰታቸውን በተማሪዎች እያስጠኑ ያሳዩ ነበር። ቤተ መንግሥት የፈራውን ነገር የተማሪ ቤት ተቀበለው ማለት ነው። ክርክራችንም በዚህ አበቃ።

እንግዲህ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ መጋረጃው ሲከፈትና ወላጆቻችን ሲያጨበጭቡልን፥ ይህ ነጻነት በከንቱ እንዳልተገኘ ልናስብ ይገባናል። በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን የምንለያይ ተማሪዎች፥ ከእኒህ ሰው ሁለት ነገር ይዘን እንሄዳለን፤ ይኸውም እውነትን በጥበብ መናገርና፥ ሰሚ ሲጠፋም ሥራን አለመተው ነው። ለታናናሾቻችንም መድረኩን አደራ እንላለን።