ከሞተ በኋላ የተሰናበተው መምህር

ስፔናዊው ባለቅኔ አንቶንዮ ማቻዶ በ1875 እ.ኤ.አ. በሴቪል ከተማ ተወለደ። በግጥሙ ስሙ የገነነ ይሁን እንጂ እንጀራውን የሚያገኘው ፈረንሳይኛ ቋንቋ በማስተማር ነበር። በ1907 ሶሪያ ወደምትባል አነስተኛ የካስቲል ከተማ ተመደበ። በዚያም በኪራይ ካረፈበት ቤት የባለቤቶቹን ልጅ ሌኦኖርን አገኘ፤ በ1909 ተጋቡ፤ በ1912 ግን በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚያች ከተማ መቆየት ስላልሆነለት ወደ ባኤሳ ተዛወረ፤ ቀጥሎም በሴጎቪያ፥ ኋላም በማድሪድ አስተማረ።

የመምህርነቱ ፍሬ ጎልቶ የታየው ግን ከመማሪያ ክፍል ውጭ ነው። በ1936 ሑዋን ደ ማይሬና የተባለ አንድ የልብ ወለድ መምህር የሚናገርበትን መጽሐፍ አሳተመ። ማይሬና የተቀጠረው የሰውነት ማጎልመሻ ሊያስተምር ነው፤ የንግግርን ጥበብ የሚያስተምረው ያለ ክፍያ ነው። ስለ ዕለት ተዕለት ነገር፥ ስለ ጊዜ ማለፍ፥ ስለ እውነትና ጥርጣሬ ከተማሪዎቹ ጋር ይጨዋወታል። በፈተናውም እጅግ ቸር ነው፤ የሚጥለው ጥቂት ተማሪ ብቻ ነው። ማቻዶ የፈረንሳይኛ ሰዋስው ሲያስተምር በሆዱ የያዘውን ሁሉ ለዚህ ሰው ያስረከበው ይመስላል።

በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። ከሪፐብሊኩ ወገን የቆመው ማቻዶ በጃንዋሪ 1939 አረጋዊት እናቱን ይዞ በስደት ፈረንሳይ ገባ። በፌብሩዋሪ 22 ቀን በኮልዩር ከተማ ዐረፈ፤ እናቱም በሦስተኛው ቀን ተከተለችው። በ1941 የፍራንኮ መንግሥት ሟቹን መምህር ከሥራው አሰናበተ። ማዕረጉ የተመለሰለት በ1981 ነው።