35 ዓመት የተረሳ ዘፋኝ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በሰንበት ዕረፍታችን የምንሰማው ዘወትር ስማቸው የገነነውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ስለ ብሉዝ ዘፋኙ ስለ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ይህ ጥቁር አሜሪካዊ በሚሲሲፒ አቫሎን በምትባል ትንሽ መንደር ያደገ፣ የሰው መሬት የሚያርስ ገበሬ ነበር። ጊታርን ያለ አስተማሪ ተማረ። አውራ ጣቱ በወፍራሙ ክር ምቱን ሲጠብቅ ሌሎቹ ጣቶቹ ዜማውን ይለቅማሉ፤ ድምፁም ከጎረቤቱ ጋር እንደሚያወጋ ሰው የለዘበ ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በሜምፊስና በኒው ዮርክ ለኦኬ ኩባንያ ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀረጸ። ሸክላዎቹ ግን ብዙ ገዢ አላገኙም፤ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ደረሰ። ስለዚህ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ዓለምም ረሳው።

በ1963 ዓ.ም. ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት ከዘፈኖቹ በአንዱ የአቫሎንን ስም ሰምቶ፣ መንደሪቱን በካርታ ፈልጎ፣ ሽማግሌውን በሕይወት አገኘው። በዚያው ዓመት በኒውፖርት የሙዚቃ በዓል ላይ ተጫወተ። በክብሩ የኖረው ግን ሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ በ1966 ዓ.ም. ዐረፈ።

አድማጭ ያጣ ሁሉ ችሎታ ያጣ አይደለም። አንባብያን በዚህ ሰንበት እርሱን እንዲሰሙ፣ በሕይወት ያሉትንም ስመ ስውር ዘፋኞች ሳይመሽባቸው እንዲፈልጓቸው በትሕትና አሳስባለሁ።

አክባሪዎ፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ